ፀሐይን ሽማግሌ አድርገን የላክን ዕለት

ፀሐይን የሚያመሰግን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በዚህ ዕድሜዬ አላየሁም። በየማለዳው ሳትቀር ትመጣለች፤ ልብሳችንንና በርበሬያችንን ታደርቃለች፤ እኛም «ዛሬስ ከረረች» ብለን እናማታለን። አንድ ቀን ለጥቂት ጊዜ ፊቷን ስታዞር ግን አገር ይንበረከካል። ሳይቀር የሚመጣ ዘመድ መቼ ተከብሮ ያውቃል?

ከሬዲዮ እንደሰማሁት፣ በድሮ ዘመን ዛሬ ቱርክ በሚባለው ምድር ሁለት ነገሥታት ለዓመታት ሲዋጉ ቆይተው፣ ውጊያው መሐል ፀሐይ ጨለመችባቸው። ጦሩ መሣሪያውን ጣለ፤ ነገሥታቱ ታረቁ፤ ዕርቁ እንዲጸናም ልጆቻቸውን አጋቡ። ሌላም አለ። አንድ ባሕረኛ ስንቁ አልቆበት ደሴት ላይ ሲቸገር፣ ጨረቃ የምትጨልምበትን ሌሊት ከመጽሐፍ አይቶ ኖሮ፣ የአገሬውን ሰው «ምግብ ከከለከላችሁኝ አምላኬ ጨረቃን ይወስድባችኋል» አላቸው። ጨረቃዋ ስትጠቁር ሰዉ ያለውን ተሸክሞ ግር ብሎ መጣለት። የመጀመሪያው ታሪክ አስደሰተኝ። ሁለተኛው ግን ሥራ ሰጠኝ።

የወንድሜ ልጅ አህመድ ሐይቅ ከተማ ባጃጅ ይነዳል። ከአምባሰል በኩል ዘሀራ የምትባል ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። አባቷ ይመር ግን የላክነውን ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መልሷል። «ልጄን በሦስት ጎማ ለሚያድር አልሰጥም፤ አራተኛውን ሲያበቅል ይምጣ» ብሎ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ለሦስተኛ ጊዜ እምቢ ከተባለ ነገሩ ተቀበረ ማለት ነው። ከውጫሌ ደግሞ ሌላ ጠያቂ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ነበር።

እናም ሬዲዮው «በሰኔ፣ እሑድ ጠዋት ፀሐይ ትጋረዳለች፤ ላሊበላ ላይ ቀለበት መስላ ትታያለች» ሲል ጣቴን መቁጠር ጀመርኩ። ከአንዲት የዓሣ መረብ ተነሥቼ ሱቅ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ሳልቆጥር እግሬን አላነሣም። ሽምግልናውን ለዚያችው ጠዋት ቀጠርኩት።

በበሽታው የተነሣ ሰላምታ በክርን የሆነበት ዓመት ስለነበር ሽማግሌውም ሁለት ብቻ ሆነ፤ እኔና ጎረቤቴ ተፈራ። ዳገቱን ስንወጣ ተፈራ ያጉረመርማል።

«ቅዳሴ አስቀርተህ የምትወስደኝ ምን አስበህ ነው አያ ሙሄ?»

«ዝም ብለህ ውጣ። ዛሬ ከላይ እርዳታ አለን።»

እንደ ደንቡ ደጃፉ ላይ ቆምን፤ ሽማግሌ የጠየቀውን ሳያገኝ አይቀመጥም። እኔ ጨለማዋ እስክትደርስልኝ ድረስ ንግግሬን እንደ ላስቲክ ለጠጥኩት። የይመርን አባት አነሣሁ፤ አያቱን አነሣሁ፤ የአያቱን በሬ ሳይቀር አመሰገንኩ። ወዲያው ብርሃኑ ገረጣ፤ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ዶሮዎቹ ወደ ቆጥ ገቡ፤ ቆጠርኳቸው፤ ልማድ ነው። በደጃፉ ባለው ዋንዛ ቅጠል መሐል ሾልኮ የሚወርደው ብርሃን ነጩን ጋቢዬን በትንንሽ ጨረቃዎች ሞላው። ይመር ጨረቃዎቹ ደረቴ ላይ ሲርመሰመሱ አየና ፊቱ አመድ መሰለ።

«አሁን!» አልኩ በልቤ። «አያ ይመር፣ እንግዲህ ቃልህን ስጠን» አልኩ በአፌ።

«ቃል?» አለ። «ያ ረቢ! ፀሐይ ስትጨልም ልጅ ይሰጣል? አልሰጥም! ሂዱ!»

የባሕረኛው ታሪክ ይህን አልነገረኝም። ሦስተኛዋ እምቢታ ወጣች፤ አህመድን በገዛ ብልጠቴ ቀበርኩት።

ይመር ውዱእ ሊያደርግ ወደ ውሃው ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት። ለግርዶሽ ሶላት ጎን ለጎን ቆምን፤ ተፈራም ዋንዛው ሥር ሆኖ «እግዚኦ» ይላል። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ አህመድ ልለምን ነበር። ግንባሬ መሬት ነክቶ ያ ብርድ ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ግን አህመድንም ሬዲዮንም ረሳሁ። «ብቻ መልሳት» አልኩ።

መለሳት። አውራ ዶሮው እንደ አዲስ ንጋት ጮኸ፤ ከታች ሐይቁ አበራ። ይመር እያለቀሰ ይስቃል። ክርኑንም በሽታውንም ረስቶ አቀፈኝ።

«አልሐምዱሊላህ! ተቀመጡ!» አለ። ተፈራ ሰውየው ሐሳቡን ሳይለውጥ ቶሎ ቁጭ አለ። «ሰጥቻለሁ። ፀሐይን ያህል ነገር ተመልሶልኝ ልጄን እሰስታለሁ? በሦስትም ጎማ ይሁን በሁለት፣ ይውሰዳት።»

ነፍሴ ስትመለስ ብልጠቴም አብራ ተመለሰች። «ፈርተህ ነበር አይደል?» አልኩት።

«ሬዲዮ ያለህ አንተ ብቻ ይመስልሃል? ለዛሬ ስትቀጥረኝ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። እንዳትሸውደኝ ቆርጬ ነበር የጠበቅሁህ።»

«ካወቅህ ታዲያ ምን አስደነገጠህ?»

«መሄዷን ነግረውኛል፤ ለመመለሷ ማን ዋስ ሆነ?»

የፈራ ሰው ያለውን ጨብጦ ይይዛል፤ የሚዘረጋው የተገላገለ እጅ ነው። እነዚያ ነገሥታትም ልጆቻቸውን ያጋቡት ጨለማው ውስጥ ሆነው አይመስለኝም፤ ከነጋላቸው በኋላ መሆን አለበት።

በዚህ መሐል ከጓሮ እልልታው ቀለጠ። ዘሀራ ናት፤ ብቻዋን።

«ኧረ ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም!» አለ ተፈራ ደንግጦ።

ይመር ጋቢውን እያስተካከለ ወደ ጓሮው ዞር ብሎ አዳመጠ።

«ተዋት አቦ» አለ። «የእሷ ግርዶሽ እኔ ነበርኩ።»