ከቡፌው ወዲህና ወዲያ

ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። ሲለያዩስ? አባቶቻችን ስለ ጋብቻ ሲተርቱ ውለው ፍቺ ላይ ሲደርሱ ነገሩን ለሽማግሌ ትተውታል። እናንተም ይህን የምታነቡት፣ አግብታችሁ ከሆነ አትሳቁብኝ። ካላገባችሁም አትቸኩሉ።

እኔና ወይንሸት የተለያየነው በደርግ ዘመን፣ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ በአንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ቤት አልኳት እንጂ አንድ ክፍል ናት። የስምንት ዓመቷ ሰናይትና የአራት ዓመት ወንድሟ ነበሩን። ጥሉ ምን ነበር ብትሉኝ፣ ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳስበው ከሁለታችን ኩራት በቀር ትዝ የሚለኝ የለም። ሽማግሌዎቹ ተመላልሰው ለምነው ሲያቅታቸው፣ እንግዲያው ተዋዋሉ አሉን።

ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አይደለሁ? በሦስት ቅጂ፣ አንቀጽ በአንቀጽ። አልጋውና የስፌት መኪናው ለእሷ፣ ራዲዮው ለእኔ፣ ቡፌው ተሸካሚ ስለሌለው የጋራ። ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ይኖራሉ፤ አባት በየእሑዱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይጎበኛቸዋል። በዚህ አንቀጽ ኮርቼ ነበር። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይላሉ፤ እኔ እየላስኩ ነበር።

ስፈርም ቀበሌው ሌላ ቤት ይሰጠኛል ብዬ ነው። ሊቀ መንበሩ ማመልከቻዬን አንብቦ፣ በዚያ የቤት ቁጥር የተመዘገበው አንድ ቤተሰብ ስለሆነ ተራዬን እንድጠብቅ ነገረኝ። ስለዚህ ቡፌውን ከግድግዳው ጎትተን መሐል ክፍሉ ላይ ገተርነው። በሩን ከፍተው ሲገቡ ወደ ቀኝ የእነሱ፣ ወደ ግራ የኔ ሆነ።

በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኖ ምን ጉብኝት አለ ትሉኝ ይሆናል። እኔም በልቤ ብዬዋለሁ። ወይንሸት ግን ተፈርሟል ብላለች፤ በገዛ እጄ የጻፍኩትን ቀድሞ ማፍረስ ደግሞ ለእኔ ሞት ነበር። እናም እሑድ ሦስት ሰዓት ሲሆን ለባብሼ ወደ ውጭ እወጣና ያደርኩበትን ቤት በር አንኳኳለሁ። ወይንሸት ልጆቹን ታስረክበኛለች። ፒያሳ ኬክ አብልቼ፣ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወርደን ሽቅብ ወጥተን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ላይ አስረክባቸዋለሁ። ከዚያ ተከትያቸው ገብቼ ወደ ግራ እታጠፋለሁ። የቀበሌ ስብሰባ የወደቀበት እሑድ ምትክ የለውም፤ እሱን መጻፍ ረስቼ ነበር። ጎረቤቱ ስቆ ስቆ ሲሰለቸው ተወን።

የገደሉኝ የቀሩት ስድስቱ ቀናት ናቸው። ሰናይት ከቡፌው ወዲያ ትምህርቷን ጮክ ብላ ታጠናለች፤ ስትሳሳት እሰማለሁ፣ አላርማትም። ትንሹ ሲስቅ በምን እንደሳቀ አላውቅም። ሰው ብቸኝነትን ይለምደዋል ይባላል፤ የልጆቹን ሳል እየሰሙ ብቻ መሆን ግን አይለመድም። እራቴን ራዲዮ ከፍቼ እበላለሁ፤ ዜናው ናፍቆኝ አይደለም።

አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ሰናይት ትኩሳት ይዟት ተኝታለች። ወይንሸት ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ማምጣቷን ለጎረቤት ስትነግር ሰማሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ቁጭ አልኩ። ልጅቷ ታቃስታለች። አንዴ፣ “አባዬ” አለች። ተነሥቼ እስከ ቡፌው ጫፍ ሄድኩና ቆምኩ። እዚያ ምን ያህል እንደቆምኩ ብነግራችሁ አፍራለሁ።

ወይንሸት ብቅ አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

“ምን ትጠብቃለህ?” አለችኝ።

ገባሁ። የልጄ ግንባር ይፋጃል። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና፣

“ዛሬ እሑድ ነው እንዴ?” አለች።

ከኋላዬ ሆና የመለሰችላት ወይንሸት ናት፣ ለልጅ አይዋሽም ባይዋ።

“አዎ እናቴ፣ እሑድ ነው።”

እጄን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። በማግሥቱ ትኩሳቱ ለቀቃት፤ እኔም ወደ ግራዬ ተመለስኩ። እኔና ወይንሸት ነገሩን አላነሣነውም፣ ውሉም አልተሻሻለም። ሐሙስ ዕለት ሰናይት ከቡፌው ወዲያ፣ እሑድ ስንት ቀን እንደቀረው እናቷን ጠየቀች። ሦስት አለቻት። እኔም ከወዲህ ሆኜ በጣቴ ቆጠርኩት፤ ሦስት ነው።