ቁጥር ሠላሳ አንድን ያጸደቅኩት እኔ ነኝ

ላታምኑኝ ትችላላችሁ። ችግር የለም፣ ማስረጃ አለ። ማስረጃው የገዛ ፊርማዬ ነው።

እንደምታውቁት ጥንቁቅ ሴት ነኝ። ጠዋት ከአዘዞ ስነሳ በሩን መቆለፌን ሁለት ጊዜ ሳላረጋግጥ ሚኒባስ አልሳፈርም። ሰው ፊት መናገር ደግሞ... እሱን ተዉት። ክፍል ውስጥ እንኳ ግማሹን የማስተምረው ለነጭ ሰሌዳው ነው።

እዚሁ ጎንደር በማስተምርበት ኮሌጅ ዘንድሮ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂዎች ሴሚናር አስተባባሪ አደረጉኝ። ሥራው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የቴክኖሎጂ ርዕስ ይመርጣል፣ እኔ አጸድቃለሁ፣ ከዚያ አጥንቶ መምህራን ፊት ያቀርባል። ሳያቀርቡ መመረቅ የለም።

"ቲቸር፣ ርዕስ ይጠቁሙን" አሉኝ።

ሁሉም ተራ በተራ ቢሮዬ እየገቡ ፊት ለፊት ሲያማክሩኝ ታየኝ። ላብ አጠመቀኝ!

ስለዚህ ኢንተርኔት ገባሁ። ለተማሪዎች የሚሆኑ የሴሚናር ርዕሶችን የደረደረ ገጽ አገኘሁ። ብሎክቼይን! ሜታቨርስ! ኳንተም ኮምፒውቲንግ! ኮፒ፣ ፔስት። ቁጥር ሰጠሁትና ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት። ከሥሩም "ከሊስቱ ውጪ የሚመጣ ርዕስ ተቀባይነት የለውም" ብዬ በደማቁ ጻፍኩ።

ዓይናፋር ሰው ስልክ ላይ አንበሳ ነው። አትሳቁ፣ እናንተም ውስጥ አላችሁ።

የርዕስ ምርጫ ቅጾቹ ተሞልተው መጡ። እኔም እያንዳንዱን ርዕስ ከሊስቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳከርኩ። ካለ እፈርማለሁ። ከሌለ በቀይ እመልሳለሁ። ምን ያህል ጥንቁቅ እንደሆንኩ አያችሁልኝ?

የተመለሰው አንድ ብቻ ነበር። የይታይሽ።

ይታይሽ ከዳባት በላይ፣ ከመኪና መንገድ ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣች ተማሪ ናት። ከኋላ ነው የምትቀመጠው። እንደኔው ዝምተኛ ስለሆነች ሦስት ዓመት አስተምሬያት ያወራነው ነገር አንድ ገጽ አይሞላም። ቅጿን ይዛ በሬ ላይ ስትቆም "ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው" አልኳት። ቀና ብዬም አላየኋት።

ርዕሷ "ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ መልእክትን በገበያተኛ ስልክ ማድረስ" ይላል። ከሥሩ ሁለት ገጽ ማብራሪያ አያይዛለች። በብሉቱዝ!

ሁለቱን ገጽ አላነበብኩም። ሊስቱ ላይ የለማ! በቀይ እስክሪብቶ "ከሊስቱ ውጪ ነው። ብሉቱዝ ጊዜው ያለፈበት ቴክኖሎጂ ነው" ብዬ መለስኩት።

አሁን ወደ ዛሬ።

ዛሬ ጠዋት የዲፓርትመንቱ ስብሰባ ነበር። ኃላፊያችን የጸደቁትን ርዕሶች ጮክ ብለው ያነቡና ዝርዝሩ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሬጅስትራር ይሄዳል። በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ተማሪ ዘንድሮ አያቀርብም። ስገባ ይታይሽ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ቀይ የበዛበትን ቅጽ ደረቷ ላይ አጣብቃ። ሰላምታዋን በአንገቴ መልሼ አለፍኩ።

ኃላፊው ማንበብ ጀመሩ። ብሎክቼይን። ሜታቨርስ። መምህራኑ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ውስጥ ውስጡን ኮራ ብያለሁ።

"ቁጥር ሠላሳ አንድ" አሉ። ቆም አሉ። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።

"የሴሚናሩ ርዕስ፤ 'ለተጨማሪ ርዕሶች እዚህ ይጫኑ'።"

መምህራኑ እርስ በርስ ተያዩ።

ከዚያ ጋሽ ተፈራ፣ ዳታቤዝ የሚያስተምሩት ትልቁ ሰውዬ፣ "የት ጋ ነው የምንጫነው?" አሉ።

ወዳጆቼ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ! አንዱ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። አንዷ ሳቋን ልታፍን ስትል አስነጠሳት።

አዎ። ገጹ ላይ የነበረችውን መጫኛ እንደ ርዕስ ቆጥሬ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ለተማሪዎች በትኛለሁ። አንዱ መርጧታል። እኔም ከሊስቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሬ ልክ ሆና ስላገኘኋት ፈርሜባታለሁ። ኃላፊው በስብሰባው መሃል ለልጁ ደውለው ሲጠይቁት ምን ቢል ጥሩ ነው?

"ከሊስቱ ምረጡ ተባልን፣ መረጥኩ። አጭሩ እሱ ነበር።"

ምን ይባላል? ልጁ ትክክል ነው!

ኃላፊው እንባቸውን ጠረጉና "በሉ ለዚህ ልጅ ሌላ ርዕስ እንሰጠዋለን። ሌላ እርማት ከሌለ ዝርዝሩን ልዝጋው" አሉ።

እኔ በዚያች ሰዓት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከወንበሩ ሥር መግባት። ዝም ብል ሁሉም ያልፋል። ሁለት ቀን ይስቁብኛል፣ ከዚያ ይረሱታል።

ግን በሩ በመስተዋት ነው። ይታይሽ በመስተዋቱ ወዲያ ቆማለች። "እዚህ ይጫኑ"ን አጽድቄ የመለስኩት የሷን ነው።

እጄ ወጣ። እኔ አላወጣሁትም፣ እሱ ወጣ።

"አንድ... ሳላነበው የመለስኩት አለ" አልኩ። ድምፄ የሰው አይመስልም። "ጥፋቱ የኔ ነው። እባካችሁ ልጅቷ ገብታ ታስረዳ።"

"ለመሆኑ ስንት ደቂቃ ቀረን?" አሉ ኃላፊው ሰዓታቸውን እያዩ። ከዚያ "ትግባ" አሉ።

ይታይሽ ገባች። ቅጿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። መጀመሪያ ድምፅዋ አልሰማ አለ።

"እኛ ሰፈር ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ጉብታ ላይ ነው፤ እሱም ሰማዩ ሲጠራ" አለች። "የከብት ክትባት ሰጪው ወደ ቀበሌው ማዕከል የሚመጣበትን ቀን እኛ የምንሰማው ከሄደ በኋላ ነው። አባቴ በዚህ የተነሳ ሁለት በሬ ቀብሯል።"

ማንም አልሳቀም።

"ግን ገበያተኛው በየሳምንቱ ይመላለሳል። ስልክ አለው። ዘፈን በብሉቱዝ ይቀባበላል። እኔ ያሰብኩት፣ ዘፈኑ በሚሄድበት መንገድ መልእክቱም ይሂድ ነው። ገበያ ላይ የአንዱ ስልክ ይቀበላል፣ መንገድ ላይ ለሚያገኘው ስልክ ያቀብላል፣ ያኛውም እስከ ሰፈራችን። ሰውዬው ምንም አይነካም፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይሠራል።"

ጋሽ ተፈራ ወንበራቸውን አስጠጉ። "እሺ ልጄ፣ ተሸካሚው መንገድ ላይ ጠላ ቤት ጎራ ቢልስ?"

"ለዚህ ነው ለአንድ ሰው ብቻ የማልሰጠው" አለች። "ለአምስት እሰጣለሁ።"

"አምስቱም ጠላ ቤት ከገቡስ?"

"እንግዲያውስ መልእክቱ ጠላ ቤት ይደርሳል። እዚያ ደግሞ የሰፈራችን ሰው አይጠፋም።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። በዚህኛው ሳቅ ውስጥ ግን አክብሮት ነበረበት፤ እኔ ላይ ከተሳቀው ጋር ስለማነጻጽረው ይገባኛል።

ኃላፊው ደግሞ "አንዱ መልእክት ሦስት ጊዜ ቢደርሰኝስ?" አሉ።

"የደረሰዎትን ስልክዎ ያውቀዋል፣ ደግሞ አይቀበልም።"

"ምስጢር ከሆነስ? ተሸካሚው አያነበውም?"

"ተቆልፎ ነው የሚሄደው። ስልክ ከሰው የሚሻለው በዚህ ነው" አለችና ትንሽ አሰብ አድርጋ ጨመረች፤ "አክስቴ መልእክት ስትሸከም መጀመሪያ የሚሰማው ገበያው ነው።"

ልብ በሉ፣ ይህች ልጅ ኔትወርክ ኮርስ ላይ ለአንድ ወር ያስተማርኩትን ሁሉ ነው የመለሰችው። ቢጠፋ ምን ይደረጋል፣ ቢደገም ምን ይደረጋል፣ ቢሰረቅ ምን ይደረጋል። እኔ ያስተማርኩት ከስላይድ ነው። እሷ የምታስበው ከአባቷ በሬ ተነስታ ነው። አፌን ከፍቼ ሳያት ማስታወሻ መያዝ ሁሉ ረስቻለሁ።

ኃላፊው ዝርዝሩን አነሱ። "ለተጨማሪ ርዕሶች እዚህ ይጫኑ" የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዙና ከጎኑ የይታይሽን ርዕስ በእጃቸው ጻፉ። "ይሄ ሸጋ ነው" አሉ። ዝርዝሩ ሊወጣ ሩብ ሰዓት ሲቀረው!

ጋሽ ተፈራ ሲወጡ ትከሻዬን መታ አደረጉና "አይዞሽ ሰብልዬ፣ እኛም ሊስት እናምን ነበር" አሉኝ። ማጽናኛ ነው መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ይታይሽ ቢሮዬ መጣች። አሁን ቀና ብዬ አየኋት፣ ወንበርም ሳብኩላት። ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም እኔም ወለሉን እያየን ነበር፤ ቢሆንም ይቅርታ ይቅርታ ነው።

"ምንም አይደል ቲቸር" አለችና አዲስ ቅጽ አወጣች። አማካሪ በሚለው መስመር ላይ ስሜ ተጽፏል!

ልቤ ቀለጠ። "ከዚያ ሁሉ በኋላ እኔን መረጥሽ?"

ይታይሽ ውሸት አትችልም። "ሌሎቹ መምህራን ሁሉ ተማሪ ሞልቶባቸዋል ተባልኩ" አለች።

እሺ።

"ቲቸር፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ያነበቡት ነገር አለ?"

"እ... ብዙም..."

"እንግዲያውስ እኔ ጋ አለ" ብላ አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። የሚነበበው ከሥሩ ተሰምሮበታል። "እስከ ዓርብ ይደርስልዎታል?"

ይኸው አሁን የተሰጠኝን የቤት ሥራ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያልገባኝ ነገር ስላለ ነገ ልጠይቃት አስቤያለሁ፤ ግን እንዴት እንደምጀምረው እየፈራሁ ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ቅጹ ላይ "አማካሪ" የሚለው መስመር የማን ስም ነው የሚገባው?