ሊቀ ጌም አምባው እና የድልድዩ ክስ

በየሰፈሩ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ምርጥ ነገር ማለት ለእሱ ሌላው የማያውቀው ነገር ነው። ምግብ ቤት ብትጠቅሱለት የተዘጋውን ያወድሳል፤ ኳስ ተጫዋች ብታነሱበት አንድ ወቅት ተጫውቶ የጠፋውን ይጠራል። ለአቃቂ በሰቃው ስልክ ጠጋኝ ለዱሬሳ የደረሰው ግን ከሁሉም ይብሳል። አብሮ አደጉ ክቡር አቶ አምባው፣ ዱሬሳ በሆዱ "ሊቀ ጌም" የሚለው፣ ልቡን የጣለው አንድ ጥንታዊ የሲዲ ጌም ማጫወቻ ላይ ነበር።

ማሽኑን ከጃፓን ያመጣው የአምባው መርከበኛ አጎት ነው፤ ሁለቱም ስምንተኛ ክፍል ሳሉ። ድፎ ዳቦ ያክላል። እዚያው አገሩም ብዙ ገዢ አላገኘም ይባላል፤ በአምባው ፍርድ ግን ይህ የማሽኑ ሳይሆን የገዢዎቹ ጉድለት ነው። አብሮት የመጣው ዲስክ አንድ ብቻ ነበር። ጎራዴ የታጠቀ ጀግና፣ አንድ ትንሽ መነኩሴ ከኋላው አስከትሎ አገር ያቋርጣል። ጽሑፉ ሁሉ በጃፓንኛ ነው። አምባው ይጫወታል፣ ዱሬሳ ያያል። ሁለተኛው ጆይስቲክ ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ዱሬሳ በጠየቀ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ "መጠባበቂያ ነው።"

አንድ ቅዳሜ ጀግናው አንድ ድልድይ ጋ ደረሰና ቆመ። ሙዚቃው ይሄዳል፣ ጀግናው ግን ንቅንቅ የለም። አምባው ዲስኩን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፤ የፀጉር ያህል ጭረት አገኘበት። የዚያን ቀን ጠዋት ዲስኩን በሹራቡ የወለወለው ደግሞ ዱሬሳ ነበር። ፍርዱ እዚያው ተሰጠ። ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ተቃጠለ፤ ይግባኝ የሚባልበትም ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አምባው ክሱን አልተወም። በዱሬሳ ሰርግ ዋና ሚዜ ሆኖ እንዲናገር ሲጋበዝ፣ ሙሽራው እጁ ወርቅ መሆኑን፣ በዕድሜው ያበላሸውም አንድ ዲስክ ብቻ መሆኑን መሰከረ። የዱሬሳ አባት ሲሞቱ ሦስት ቀን ከድንኳኑ አልወጣም፤ ወንበር ሲሸከም፣ ውኃ ሲያድል ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ግን ለለቀስተኛው የድልድዩን ነገር ሲተርክ ተሰማ።

ዱሬሳ ይስቅ ነበር። ለማንም ያልነገረው ግን እሱም ክሱን ማመኑን ነው። እስከ ዛሬ የሰው ስልክ መስታወት ሲያጸዳ እጁ ይፈራል፤ ሹራብማ በአጠገቡ አያስደርስም።

ዘንድሮ አምባው ኢሙሌተር ገዛ። መዳፍ የምታክል፣ የጥንት ጌም ሁሉ የምታጫውት ነገር ናት። ሺህ ጌም ተጭኖባታል፤ እሱ የፈለገው አንዱን ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ከገላን ኮንዶሚኒየም ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲሄድ ታክሲ ውስጥ ይጫወታል። ከጎኑ በስልኩ ኳስ የሚጫወት ወጣት ከተቀመጠ ወዮለት፤ ቃሊቲ እስኪደርሱ ትምህርት ይወርድበታል። ዋናው ማሽን ላይ የጌሙ ድምፅ ወፈር ይል እንደነበር ያስረዳዋል፤ ልጁ ዋናው ሲመረት አልተወለደም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አምባው ወደ ዱሬሳ ሱቅ ገባ። እትዬ ብዙወርቅ የሚባሉ የሰፈር ሰው ስልካቸው እስኪጠገን በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እሱ ሰላምታም ሳይሰጥ ኢሙሌተሯን ጠረጴዛው ላይ አኖራት።

"ቆመ" አለ።

"ምኑ?"

"ድልድዩ ጋ። ይቺ ደግሞ ዲስክ የላትም።"

ዱሬሳ አጎንብሶ አየ። ያው ጀግና፣ ያው ድልድይ፣ ያው ሙዚቃ። ከታች አንድ መስመር ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ያን ጊዜ ጌጥ ይመስላቸው ነበር። ዱሬሳ በካሜራ የሚተረጉመውን አፕ ከፍቶ ስልኩን ደገነበት። ለራሱ ሁለት ጊዜ ካነበበ በኋላ ለአምባው አሰማው።

"ሁለተኛው ተጫዋች የድልድዩን መንኮራኩር ያዙር ይላል።"

መነኩሴው ነው እንግዲህ። ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብሎ የሚከተል የመሰላቸው መነኩሴ፣ ሁለተኛውን ጆይስቲክ የሚይዝ ሰው እየጠበቀ ኖሯል።

አምባው ከነገሩ አንዳች ወደማያውቁት ሴትዮ ዞረ።

"እትዬ ብዙወርቅ፣ ዲስኩን ያበላሸው ዱሬሳ አይደለም።"

"የምን ዲስክ?"

"እኔ ነኝ ጆይስቲኩን የከለከልኩት። እሱ ንጹሕ ነው።"

"እግዜር ይስጥህ ልጄ" አሉ እትዬ ብዙወርቅ። "ስልኬስ?"

ዱሬሳ ኢሙሌተሯን አንስቶ ማስተካከያ ውስጥ ገባ፤ ከጀርባዋ ያሉትን ቁልፎች ለሁለተኛው ተጫዋች አደረጋቸው። አርባን ያለፉ ሁለት ጎልማሶች ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀው አንዲት መዳፍ የምታክል ነገር ያዙ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጀርባ። መነኩሴው መንኮራኩሩን አዞረ። ተሰቅሎ የነበረው ድልድይ ወረደ። ጀግናው ተሻገረ።

ከማዶ ሁለቱም አይተውት የማያውቁት ሰፊ ሜዳ ተዘረጋ፤ መንገዱ ሦስት ቦታ ይከፈላል። አምባው ቀና አለ።

"አሁን በየት ነው?" ሲል ጠየቀ።

ሊቀ ጌም ስለ ጌም ሰው ሲጠይቅ ዱሬሳ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቱ ነበር። ፊቱን አየው፤ ልጅ መስሏል። እንዲህ ግራ ገብቶት ሲያየው ምን ያህል እንደሚወደው ገባው፤ አልነገረውም እንጂ።

"እኔም እንዳንተው ነኝ" አለው፤ እትዬ ብዙወርቅንም ሰኞ እንዲመለሱ በትሕትና ለመናቸው።