የሌላዋ እማማ መርፌ

ቤተሰብ፣ አዳማ ለወሬ ትንሽ ከተማ ናት። ነገ ሌላ ሰው ቅመም ጨምሮ ከሚያወራላችሁ፣ ዛሬ እኔው ልንገራችሁ።

ጉድ ሆኛለሁ!

እንደምታውቁት ነርስ ነኝ። በዚያ ላይ ደግሞ የሆስፒታላችን የታካሚ ደህንነት ፎካል፣ ማለትም ተጠሪ፣ ነኝ። ፎካል ማለት ሲገባ ሰው ሁሉ ወሬ የሚያቆምለት ሰው ማለት ነው።

ዛሬ ጠዋት ለባልደረቦቼ ስልጠና ሰጠሁ። «መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት ሙሉ ስም ጠይቁ! በአልጋ ቁጥር አትመኑ! ሰው ለጥቂት ቢተርፍ እንኳ አትደብቁ፣ ሪፖርት አድርጉ! የምንፈልገው ትምህርት እንጂ ጥፋተኛ አይደለም!»

አፌ ማር ነበር። ለራሴ ላጨበጭብ ትንሽ ነው የቀረኝ።

እኔ አዳራሽ ውስጥ ስሰብክ፣ በራሴው ዋርድ ውስጥ ሁለት እናቶች ተስማምተው አልጋ ተለዋወጡ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ዛሬ ያልጣስኩት ሕግ እሱ ብቻ ነው። አንደኛዋ ስኳር አለባቸው፤ ሙቀቱ አላስችል ብሏቸው መስኮት ዳር ፈለጉ። ሌላዋን የሚያማቸው ደረታቸውን ነው፤ ነፋስ ይፈራሉ። የአዳማን ሙቀት የሚያውቅ አይፈርድባቸውም።

ከስልጠናው ወጥቼ ኢንሱሊኑን ይዤ ወደ ስኳሯ እናት አልጋ ሄድኩ። ወደ ድሮው አልጋቸው ማለቴ ነው።

ነጠላ እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ እናት ጋደም ብለዋል።

«እማማ፣ እንዴት አረፈዱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ።»

አያችሁ? እማማ! እኛ ጋ ሴቱ ሁሉ እማማ፣ ወንዱ ሁሉ አባባ ነው። በየቀኑ የምታዩትን ትልቅ ሰው ስም መጠየቅ ደግሞ እንደ ንቀት ይቆጠራል።

እጅጌያቸውን ራሳቸው ሰበሰቡልኝ። መርፌው ሊነካቸው ሲል ከመስኮቱ በኩል ጩኸት መጣ።

«ያ ኢንተላ! አንቺ ልጅ! እሱ የኔ አይደለም እንዴ? የስኳሩ?»

መርፌውን ወደ ኋላ ሳብኩ።

የደረቷ እናት ስኳር የለባቸውም። በዚያ ላይ ጾም ይዘዋል፤ ታመምኩ ብለው የሚገድፉ ሰው አይደሉም፣ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ያ መርፌ ቢገባ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ፣ ከዚያም ሊብስ ይችል ነበር።

«እማማ፣ ስኳር የለብኝም አይሉኝም?» አልኳቸው።

«ደክመሽ ይዘሽልኝ መጥተሽ፣ እንዴት እምቢ ልበልሽ ልጄ?»

በይሉኝታ ሊሞቱልኝ ነበር!

የዋርዱ ኃላፊ ጎተት አድርጋ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። «መርፌው አልገባ፣ ሰው አልተጎዳ። ተመስገን ብለሽ እለፊ» አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ልቤ «አሜን» ብሏል።

ከሰዓት የታካሚ ደህንነት ኮሚቴ ስብሰባ ነበረን። እስከዚያ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልኩ። መጨረሻ ላይ ግን አሰብኩት፦ እነዚያ ሁለት እናቶች አሁንም እዚያው ክፍል ናቸው፤ ተረኛዋ ነርስም የምትላቸው «እማማ» ነው። ስለዚህ ስብሰባው ላይ «አንዲት ነርስ» ብዬ ተናገርኩት።

የሰብሳቢያችን የመጀመሪያ ጥያቄ፦ «ማናት እሷ?»

እጄን አወጣሁ።

ከዚያ ሰብሳቢው በጣም በደግነት፣ «አይዞሽ፣ ያንቺን ቃለ ጉባኤ ላይ አናሰፍረውም» አሉኝ።

እኔስ ምን አልኩ?

«እግዜር ይስጥልኝ!»

አመሰገንኩ እኮ! ፎካሏ!

ሌላ አጀንዳ ከጀመሩ በኋላ ነው እፍረቱ የገባኝ። አቋርጬ «ይጻፍ፣ ከነስሜ ይጻፍ» አልኩ። አንዱ «ልጅቷን ሙቀቱ ነክቷታል» ሲል ሰማሁት። ብቻ ተጻፈ። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ነርስ ስም እንዲጠይቅም ተወሰነ።

በአዲስ መንፈስ ወደ ዋርድ ተመለስኩ። በቀጥታ ወደ ደረቷ እናት ሄጄ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «እማማ፣ ሙሉ ስምዎን ይነግሩኛል?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። የምር ቅር ተሰኙ።

«ውይ ልጄ! ከመቼው ረሳሽኝ? ጠዋት ልትገድይኝ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም?»

ታማሚው፣ አስታማሚው፣ ጽዳቷ፣ ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።

እና እስቲ ፍረዱኝ፦ ስታሠለጥን ያረፈደችው እኔ እንኳ ስህተቴን መናገር ይህን ያህል ከከበደኝ፣ ነገ ዝም ያለውን ነርስ በምን አፌ ልቆጣው?