በዳንቴል የተሸፈነችው ታቤላ

ተቀመጡ እስኪ ልጆች፣ አትቁነጥነጡ! ወንበሩ የደንበኛ ነው፤ ሲንቋቋ ደግሞ ሐሳቤ ይጠፋኛል። አንቺ ትርሓስ፣ ጓለይ፣ ልጄ፣ እርሳስሽን ቅረጪና ጻፊ። አስተማሪሽ ስለ ከተማችሁ በአማርኛ ጽፋችሁ ኑ ብሏል አይደል? አክስትሽ ትነግርሻለች። አማርኛዬ ሲወላገድ አንቺ ታቃኚዋለሽ፤ ለዚህ አይደል ትምህርት ቤት የላክንሽ?

እና ምን ልልሽ ነው... ሰው ሱቅ ሲገባ ታቤላ ያነባል እንዴ? በሩ ላይ የሚሰቀለውን፣ የሱቁ ስም ያለበትን ሰሌዳ ማለቴ ነው። እኔ በበኩሌ ቆሞ ሲያነብ ያየሁት ሰው የለም። ሰው የሚገባው በለመደው በር ነው። ዳቦ ቤቱን በዳቦው ሽታ ያውቀዋል፣ ጫማ ሰፊውን በመዶሻው ድምፅ። እኔን ደግሞ በቀይ ቀሚሷ ሴትዮ።

እናንተ ታውቋታላችሁ፤ አስተማሪሽ ግን አያውቃትም፣ ስለዚህ ጻፊያት። የሳላት ሀብቶም ነው፣ ታናሽ ወንድሜ። ይህን ስፌት ቤት ስከፍት ሳላት፤ አንድ እጇ ወገቧ ላይ፣ አንገቷ ሰበር ያለ፣ ኩራቷ አይጣል ነው። ከሥሯ በትግርኛ «ስፌት ኣብረኸት» ብሎ ስሜን ጻፈ። ሲጨርስ ቀለሙ ሳይደርቅ በአውራ ጣቱ መጨረሻው ላይ ተጫነበት፤ አሻራው ቀረ። ምነው አበላሸኸው ስለው፣ ነጥብ ነው አለኝ። ሣቅሁበት።

ከዚያ ሄደ። የት ሄደ? ሱዳን፣ ለሥራ ብለሽ ጻፊ። ኧረ እሱንም ተዪው። ሄደ፣ በቃ።

እናቴ፣ አያታችሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመንደራችን ከዓዲ ኣበይቶ ትመጣለች። ሱቅ ከመግባቷ በፊት ከታቤላዋ ሥር ትቆማለች። ማንበብ አታውቅም፤ የምታየው ያንን የጣቱን አሻራ ነው። ፎቶግራፉ ቤትሽ አለልሽ አይደል ስላት፣ ፎቶግራፉን ያነሳው ባለ ስቱዲዮው ነው፣ ይሄ ግን የራሱ እጅ ነው ትለኛለች። ከዚያ ገብታ ሻሂዋን ትጠጣለች።

ታዲያ አንድ ቀን ከማዘጋጃ ቤት ኮሚቴ መጣ። የእኛ ሱቆች መቼም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ በረንዳ የተደረደሩ ናቸው። የገበያ አዳራሽ ስለሆነ ታቤላው ሁሉ ይመርመር ተባለ። ሰብሳቢው አቶ ይልማ ከአዲስ አበባ የመጡ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎም ጃንጥላቸው ከእጃቸው አትለይም። በዚያች ጃንጥላ ወደ ላይ እየጠቆሙ አንድ በአንድ አዩልን። ውሳኔው ምን ሆነ? መደቡ ሰማያዊ፣ ፊደሉ ነጭ፣ ጽሑፉ አማርኛ ብቻ፣ መጠኑ ሁሉም እኩል። ሥዕል የለም። ለምን ብንል፣ ለከተማው ውበት! እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ዩኒፎርም አለበሱን።

እኔ ምን አቅም አለኝ? አወረድኳት። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ኋላ ግድግዳ አስደገፍኳት።

ቅዳሜ እናቴ መጣች። ቀና ብላ ሰማያዊውን አየች። ገብታ ሴትዮዋን ከጠረጴዛው ኋላ ስታገኛት ሻሂውን አልነካችም። «ኣብረኸት፣ ልጄ ሲመለስ በየትኛው በር ይግባ?» አለችኝ። ያነባል ልበላት? ሰው አያነብም ስል የቆየሁት እኔው ራሴ!

አሁን የሚያስቀውን ጻፊ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው የጎረቤቴ የበርሀ ፀጉር ቤት ነው። የእሱም የመቀስና የማበጠሪያ ሥዕል ከደጁ ወርዷል። አንድ ጠዋት አቶ ይልማ ሰተት ብለው ገቡ። እኔ ዘንድ! ጃንጥላቸውን አስቀመጡ፣ ቀሚስ የምለካበት መስታወት ፊት ቁጭ አሉ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ጺሙን ብቻ፤ ፀጉሩን ተወው» አሉ። እኔ ሜትር አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ቀረብኳቸው። «እሺ ጌታዬ፣ ግን እኔ የማውቀው የቀሚስ ዘርፍ መከርከም ነው» አልኳቸው።

ዐይናቸውን ሲገልጡ ብታዪያቸው! መጀመሪያ ሜትሩን አዩ፣ ከዚያ ግማሽ የተሰፋውን ቀሚስ፣ ከዚያ ግድግዳው ሥር ቀይ ቀሚሷን ሴትዮ። እኔ አልሣቅሁም፤ እንዴት እንደቻልኩት እግዜር ይወቅ። ብቻ እናቴ ያለችውን ነገርኳቸው። ልጇ ወዴት እንደሄደ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጨመርኩም። ጃንጥላቸውን አንስተው፣ «ሥዕሏን ከሰማያዊው ጎን ስቀያት፤ ደንቡን እኔ አስረዳለሁ። የታችኛው ጽሑፍ ግን ይሸፈን» አሉ። የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ሸኘኋቸው።

ሸፈንኩት። በምን? በጥቅጥቅ ዳንቴል። ልብስ ሰፊ አይደለሁ? ከላይ ብቻ በትናንሽ ሚስማር ሰፋሁት፤ ከታች ለቀቅኩት። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ዳንቴሉ ገለጥ ይላል፣ የሀብቶም ጣት አሻራ ብቅ ይላል፣ እናቴ አይታ ትገባለች።

አንድ ቅዳሜ ግን ንፋስ የሚባል ጠፋ። እናቴ ቆማ፣ ቆማ፣ እግሯ ዛለ። አቶ ይልማ ከበርሀ ዘንድ ተላጭተው ወጡ። «እማማ፣ ማንን ይጠብቃሉ?» አሏት። «ንፋስ» አለቻቸው። ግራ ቀኙን አዩ። ከዚያ በጃንጥላቸው ጫፍ ዳንቴሉን ቀስ ብለው ወደ ላይ ያዙላት፣ አይታ እስክትጠግብ። እኔ በበሩ ሳያቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ቁጥጥር ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሳይቆጣጠሩ ቀርተው አያውቁም። ስማቸውን ግን ቀይሪው፣ ሰውየውን እንዳታስበዪብኝ። እና መደምደሚያውን እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ ደንብ ሲመጣ እሺ ማለት ነው፤ ሸፍኑ ሲሉም መሸፈን ነው፤ ዋናው ነገር ጨርቁን ከታች ሳትሰፉ መተ...

እወ፣ አቤት! ማነው? በርሀ ነህ? ምን ሆንክ? እናቴ ደርሳለች? አቶ ይልማስ? ጃንጥላውን ቤት ረስተው መጡ? ቆይ፣ ቆይ፣ የእንጨት ሜትሬን ላምጣላቸው...