ከፎርማሊን በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ጥያቄን በጥያቄ የሚመልስ ሰው የሌለው ከተማ የለም። ካለም ገና ከተማ አልሆነም። የጅማው ክቡር ሊቀ ጠያቂ ጋሽ ሙሐዲን ናቸው፤ ከታካሚ የተቆረጠ ሥጋ ለማይክሮስኮፕ ሲያዘጋጁ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል።

መናኸሪያ አግኝታችኋቸው «የሸቤ መኪና የቱ ነው?» ስትሏቸው፣ «ማን ጋ ልትሄዱ?» ይላሉ። መልሳችሁን ስትጨርሱ መኪናው ሄዷል። የቦሳ ኪቶ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ ሜትሩን ሲዘረጋ፣ «መጀመሪያ የት እንደምለብሰው ጠይቀኝ እንጂ!» ብለው ተቆጡት። ሰውየው እስከ ዛሬ ሲያያቸው በሩን ገርበብ ያደርጋል።

ላቦራቶሪ ውስጥ ይብሳሉ። ሥጋው እንዳይበላሽ ኬሚካል ውስጥ ይነከራል። ከዚያ ክፉውን ሴል ፈልጎ የሚጣበቅ አንቲቦዲ ይፈስበታል፤ ካገኘው ቦታው ቡናማ ይሆናል፣ ካላገኘው ሰማያዊው ማቅለሚያ ብቻ ይታያል። ፎርማሊን የሥጋውን ቅርጽ አጥብቆ ይይዛል፣ አንዳንዱን አንቲቦዲ ግን በር ይዘጋበታል። ሌላው ኬሚካል፣ አሴቶን፣ በሩን ክፍት ይተውለታል፣ ቅርጹን ግን ያጎሳቁላል። ስለዚህ ጋሽ ሙሐዲን የትኛው አንቲቦዲ እንደሚመጣ ሳያውቁ ጠርሙስ አይከፍቱም።

«ማን ሊመጣ ነው?» ይላሉ።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዋ ሂንድ አንዴ አርብ ከጁምዓ በፊት ፎርማሊን ውስጥ የነከረችውን ሥጋ ረስታ ሰኞ አወጣችው። አንድም ቡናማ ነጥብ አልታየም።

«ሦስት ቀን ቆልፈሽበት በየት ይግባ?» አሏት።

ባለፈው ክረምት ከአንገቴ እብጠት የባቄላ ፍሬ የምታክል ቁራጭ ወጣች። ካንሰር መሆን አለመሆኑ በእሷ ይለያል። ሐኪሞቹ በጨው ውሃ በረጠበ ፋሻ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ራሴ ጋሽ ሙሐዲን ጋ ይዤ ሄድኩ።

«ማሎ ጋሼ፣ ቶሎ ፎርማሊን ውስጥ እንክተታት!» ብላ ተማጸነች ሂንድ።

«ማን ሊመጣ ነው?»

«ሁለት ናቸው። አንዱ ፎርማሊን አይስማማውም።»

ምላጭ አነሱ፤ ለሁለት ከፈሏት። ግማሿን ፎርማሊን ውስጥ ነከሩ። ግማሿን አቀዝቅዘው፣ በስሱ ቆርጠው፣ ለአሴቶን ሰጡ። ከሁለቱም ጎን፣ በሽታው እንዳለበት የታወቀ የሌላ ሰው ቁራጭ በዚያው መንገድ አዘጋጁ።

በሳምንቱ ማይክሮስኮፑን ለቀቁልኝ። ውስጡ ሌላ አገር ነበር፤ ሐመር ሰማያዊ፣ ጸጥ ያለ፣ ጉም ያልለቀቀው የጠዋት ዱር። መመለስ አላሰኘኝም። የታመመው ቁራጭ እንደ ዝገት ቡናማ ሆኗል። የእኔ ሁለቱም ሰማያዊ ብቻ።

«ባዶ ነው» አልኩ። «የሂንድም ባዶ ነበር።»

«የሷ በሩ ዝግ ነበር። ያንተ ክፍት ነው፤ ጎኑ ያለው የታመመው ቡናማ ሆኖ የለ? አንቲቦዲው ገብቶ ያገኘው የለም። አልሐምዱሊላህ በል።»

አሁን መናኸሪያ ያገኙኝና «ማን ጋ ልትሄድ?» ይሉኛል። ቆሜ እመልሳለሁ፤ በዝርዝር።

መኪናው ይሂድ።