አዴ ዘይነባ በልጃቸው ፊልም ውስጥ

ሰው የራሱን ታሪክ ሲያወራ ትንሽ ማሳመር መብቱ ነው እላለሁ። እኔ ራሴ ሮቤ ውስጥ ዕድሜ ልኬን መዝገብ ቤት ስሠራ የጠፉብኝን ፋይሎች ቁጥር እኔና ፈጣሪ ብቻ እናውቃለን፤ ጡረታ ስወጣ በተነበበው የሕይወት ታሪኬ ላይ ግን «አንዲት ወረቀት ያልጠፋችበት» ተብያለሁ። ጽሑፉን ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ። እናንተም ብትሆኑ አትሳቁብኝ፤ ለትዳር ጓደኛችሁ የተረካችሁት የልጅነት ገድል እናታችሁ ፊት ቢነበብ ስንቱ መስመር ይተርፋል? «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል። እናት ፊት ግን አያድርም፤ እዚያው ይቀላል።

ጎረቤቴ አዴ ዘይነባ ሮቤ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ምላሳቸው ከመቀሳቸው ይስላል። ጀማል አንድ ልጃቸው ነው። ወጣት ሁሉ ለጦር ግንባር በሚታፈስበት በዚያ ክፉ ሰሞን፣ ገና ጢሙ ሳያቀመቅም፣ በደሎ መና በኩል ቁልቁል ወርዶ ኬንያ ገባ። ስደተኛ ካምፕ ውስጥ፣ ስደተኛ ሊቀርጹ ለሚመጡ ፈረንጆች የካሜራ መቆሚያ ይሸከም ጀመር። አንድ ቀን ካሜራ የሚይዘው ሰውዬ በወባ ሲወድቅ ካሜራውንም ጀማል አነሣው። ይኸው እስከ ዛሬ አላስቀመጠውም። ስለ ስደተኞች የሠራቸው ፊልሞች በየአገሩ ይታያሉ፤ በእነሱ ሰበብ ባሰባሰበው እርዳታም በዚያው ካምፕ ትምህርት ቤት አሠርቷል፣ ውሃ አስቆፍሯል። ለሌላው ሰው ሁሉ የደረሰ ልጅ ነው፤ ከእናቱ ጋር ግን በስልክ ከ«ደህና ነሽ?» አልፎ ስለ አካሄዱ አንሥቶ አያውቅም።

አምና የራሱን ታሪክ ሊቀርጽ መጣ። እናቱን ሆነው የሚጫወቱት ራሳቸው እናቱ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ግቢያቸው ውስጥ ሰበሰበንና ድርሰቱን አነበበልን፤ እናት በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች፣ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ትሰጠዋለች፣ «ሂድ ልጄ፣ አላህ ይከተልህ» ትለዋለች። ከአዲስ አበባ አብረውት የመጡት ባለሙያዎች ዓይናቸውን ጠረጉ።

አዴ ዘይነባ በጥሞና አዳመጡና «ሴትዮዋ ማን ናት?» አሉ።

«አንቺ ነሽ፣ አዮ» አለ ጀማል፤ እናቱን የሚጠራት እንዲህ ነው።

«እኔ? እኔ ያን ቀን ገሰራ ገበያ አልነበርኩም እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። ከገሰራ ሲመለሱ ዝናቡ ይወርዳል፣ በሩ ተቆልፏል፣ ጀማል ቁልፉን በኪሱ እንደያዘ ሄዷል። በሩን የሰበርኩላቸው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ሲተነፍሱ ሰምቼ አላውቅም።

«አዮ፣ ፊልም እኮ ነው» አለ ጀማል። «ተመልካቹ የእናት ስንብት ይፈልጋል።»

«ተመልካቹ ስንብት ካማረው የራሱን እናት ይሰናበት! አንተ አልተሰናበትከኝም። ዋላሂ፣ ላልጋገርኩት ዳቦ አላለቅስም!»

ለሦስት ቀን ተኮራረፉ። ጀማል ከጎባ አንዲት ተዋናይት አስመጣ፤ አዴ ዘይነባ ደጃፍ ላይ በርጩማ ይዘው ተቀመጡና በየመሃሉ «ውሸት!» እያሉ ያርሟት ጀመር። ተዋናይቷ ምሳ ሳትበላ ጎባ ገባች። ድንበር ጠባቂ፣ በረሃና የካምፕ ወረፋ ያልበገረው ሰው በአራተኛው ቀን እጁን ሰጠ። ድርሰቱ ነገሩ በእርግጥ እንደሆነው ሆኖ እንደገና ተጻፈ፤ አዴ ዘይነባም ሊጫወቱ ተስማሙ።

እኔም እኔን ሆኜ ልጫወት ተዘጋጅቼ ነበር። «ዕድሜዎ አይፈቅድም፣ ጋሼ» ተባልኩና በር ሰባሪነቱ ለአንድ ቀጭን ጎረምሳ ተሰጠ። ደግሞ፣ ሮቤን ታውቋት እንደሆነ፣ ክረምቱን ሙሉ ስታለቅስ ከርማ በቀረጻው ዕለት ፀሐይ አወጣች! ስለዚህ የውሃ ጎማ አስያዙኝና ጣሪያ ላይ አወጡኝ። ዝናብ ሆንኩ።

አዴ ዘይነባ እቃቸውን በጀርባቸው አዝለው እየበሰበሱ መጡ። ሦስቴ አንኳኩተው ዝም ብለው እንዲቀመጡ ነበር የተነገራቸው። ሦስቴ አንኳኩ። ከዚያ በመዳፋቸው ይደበድቡት ጀመር። «ጀማል! ጀማል ኮ! በልበላ በኒ!» የኔ ጀማል፣ በሩን ክፈትልኝ ማለታቸው ነው። ድምፁ የፊልም ድምፅ አልነበረም፤ ያን ቀን በአጥር በኩል የሰማሁት ያው ድምፅ ነው።

ከካሜራው ጀርባ «አቤት አዮ!» የሚል መልስ መጣ።

ጀማል ነው። የገዛ ፊልሙን አበላሸ! «ከት» ብሎ ቀረጻውን የሚያስቆም ሰው ጠፋ። ካሜራውን ትቶ ሄደና ፊታቸው ቆመ።

«ይቅር በይኝ» አለ። «ብነግርሽ አልሄድም ነበር።»

«ብትነግረኝ አልለቅህም ነበር» አሉ። ውሃው ከሻሻቸው ላይ ይንጠባጠባል። «ብትቀር ደግሞ ይወስዱህ ነበር።» እጁን ጥብቅ አድርገው ያዙትና ዝቅ ባለ ድምፅ በኦሮምኛ ያወሩት ጀመር። ምን እንዳሉት እኔ ካለሁበት አይሰማም፤ ብዙ ግን አወሩ። በመጨረሻ ቀና ብለው «ታደሰ! ልትገድለን ነው እንዴ? ውሃውን ዝጋው እንጂ!» ብለው ጮኹብኝ።

ያ የተበላሸው ቀረጻ ነው ፊልሙ ውስጥ የገባው። ውጭ አገር ያሉ ሊቃውንት ያችን «አቤት» ረቂቅ ጥበብ ብለው አደነቋት አሉ። ይሁንላቸው።

ጎባ አዳራሽ ውስጥ ፊልሙ በታየበት ከሰዓት ሕዝቡ በሶፍትና በነጠላ ጫፍ ተላቀሰ። መብራት ሲበራ አንዲት ተማሪ ማይክሮፎን ይዛ ተነሣች። «እማማ፣ ያን ቀን በሩ ተቆልፎ ሲያገኙት ምን ተሰማዎት?»

አዴ ዘይነባ ማይክሮፎኑን ተቀበሏት።

«በረደኝ» አሉ።

ልጅቷ ጠበቀች። አዳራሹም ጠበቀ። «ሌላስ?»

«ሌላውን ለራሱ ነግሬዋለሁ» አሉና ማይክሮፎኑን መለሱላት።